የማማው ካርታ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ዘንድሮ በረዶው ዘግይቶ ስለቀለጠ ወደ ማማው የወጣነው ከወትሮው ቆይተን ነው። መስኮቶቹን የሸፈኑትን ሳንቃዎች አንድ በአንድ አንሥተን ብርሃን ሲገባ፣ ጎጆዋ እንደተውናት አገኘናት፤ የብረት አልጋው፣ ትንሿ ምድጃ፣ መካከል ላይ ደግሞ በእግሩ የቆመው የእሳት አቅጣጫ መለኪያ፣ ኦስቦርን ፋየር ፋይንደር።

ጎጆዋ በየጎኗ አራት ሜትር ከምናምን ናት። አራቱም ግድግዳዋ ከወገብ በላይ መስተዋት ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት እሳት ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በየተራራው ጫፍ ካቆማቸው አንዷ ስትሆን፣ እንዲህ ያሉት ማማዎች በጊዜያቸው በመላው አሜሪካ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር። እዚህ ዋሽንግተን ግዛት፣ በካስኬድ ተራሮች ላይ የቀሩትን ጥቂቶች በጎ ፈቃደኞች ጣሪያ እየጠገንን፣ ቀለም እየቀባን እናቆያቸዋለን። እኔን እዚህ ያመጣኝ ካርታው ነው።

ከፋየር ፋይንደሩ የብረት ቀለበት ሥር የተለጠፈው ካርታ ክብ ተደርጎ ተቆርጧል። መካከሉ ላይ ያለችው ነጥብ እኛ የቆምንባት ጫፍ ናት፤ ሸንተረሩ፣ ወንዙ፣ ሸለቆው ሁሉ ከእሷ ዙሪያ ይዘረጋል። አዲስ አበባ፣ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ውስጥ በድራፍቲንግ ስሠራ በእጄ ያለፉት የካርታ ሺቶች አራት ማዕዘን ነበሩ፤ 1፡50,000 የሆነውን ሺት ጎጃምም ይዘኸው ሂድ፣ ቢሮም አስቀምጠው፣ ሥራውን ይሠራል። ይህኛው ከዚህች ጎጆ ከወጣ ግን ለማንም አይጠቅምም። ወደሚቀጥለው ተራራ ቢወሰድ እንኳ መካከሉ የዚያ ተራራ አይደለም። ለአንድ ነጥብ፣ ለአንድ ሰው ዓይን ብቻ የተሠራ ካርታ ከዚህ በፊት አይቼ አላውቅም ነበር።

ወረቀቱ ወደ ቡና ዓይነት ቀለም ዞሯል። ከመካከሉ እስከ ጠርዙ የተዘረጋው ቀጭን የብረት ሜትር ለዓመታት ሲሽከረከርበት፣ የከፍታውን መስመር፣ ኮንቱሩን፣ በየቦታው ልጦታል። በጣም የተላጠው ደቡብ ምሥራቁ ነው። መብረቅ አዘውትሮ የሚመጣው በዚያ በኩል እንደሆነ እማማ ነገሩኝ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 23

እማማ የምላቸው ከእኛ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡትን ፈቃደኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ፣ ገና ወጣት ሳሉ፣ ከዚህ ብዙም በማይርቅ ሌላ ማማ ላይ የበጋ ወራትን ብቻቸውን እየተቀመጡ እሳት ይጠብቁ ነበር። ዛሬ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ አሳዩኝ።

ቀለበቱ በ360 ዲግሪ ተከፍሏል። በላዩ ሁለት ማነጣጠሪያዎች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በዓይን በኩል ያለው ጠባብ ስንጥቅ አለው፣ ከወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ ከላይ እስከ ታች የተወጠረ አንድ የፈረስ ጭራ ጠጉር። እንደ ማሲንቆ ክር የተወጠረ ነው። ጭስ ስታይ በስንጥቁ ታጮልቂና ጠጉሩን ከጭሱ ሥር ታሳርፊዋለሽ። ከጭሱ አናት ላይ ካሳረፍሽው ነፋስ የወሰደውን አየር ለካሽ ማለት ነው። ከዚያ በጥቃቅን መስፈሪያው፣ በቬርኒየሩ፣ ዲግሪውንና ደቂቃውን ታነቢያለሽ፤ አዚሙዝ የሚባለው ይህ ነው።

«በሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ዲግሪ ብትስቺ ግማሽ ኪሎ ሜትር ትስቻለሽ» አሉኝ። «ግማሽ ኪሎ ሜትር እዚህ አገር ሌላ ሸለቆ ነው። ሰዎቹ ጭነት ተሸክመው የተሳሳተ ሸለቆ ይወርዳሉ።» ሂሳቡን በልቤ ሠራሁት፤ ትክክል ናቸው። አንድ ደቂቃ ብቻ ብትስቺ ግን ዘጠኝ ሜትር ያህል ነው። ከእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ ያለ ምንም ኤሌክትሪክ!

መሣሪያው ከነእግሩ ሐዲድ በመሰለ ነገር ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል። የጎጆዋ ማዕዘን ምሰሶ ጭሱን ከጋረደው ትንሽ ገፋ ታደርጊውና ታያለሽ፤ አቅጣጫው ሳይዛባ። ይህን ያሰበ ሰው ራሱ ማማ ላይ እንደተቀመጠ በዚህ ይታወቃል። ዊልያም ቡሽኔል ኦስቦርን በኦሪገን የደን ባለሙያ ነበር። የመጀመሪያውን በ1911 ሠራ፤ ከ1915 ጀምሮ ደግሞ ፖርትላንድ የነበረው የሉፖልድ ፋብሪካ እያሻሻለ ያመርተው ጀመር።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 27

ከሥራ መልስ፣ እቤት። ካርታው ላይ ያሉት ቀያይ መስመሮች እንቅልፍ ነሡኝ።

በእነሱ በክቡ ካርታ ላይ አገሩ ሁሉ በአራት ማዕዘን ተሸንሽኗል። እያንዳንዱ ትልቅ አራት ማዕዘን በየጎኑ ስድስት ማይል ነው። ውስጡ 36 ቁራጭ አለ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ማይል በአንድ ማይል፣ 640 ኤከር። እሳት ያየ ጠባቂ በስልክ የሚናገረው በእነዚህ ቁጥሮች ነው፤ ይህኛው ረድፍ፣ ያኛው ቁራጭ፣ የቁራጩ ሰሜን ምሥራቅ ሩብ። የኦሪገንና የዋሽንግተን መሬት ሁሉ የሚቆጠረው በ1851 ፖርትላንድ አጠገብ ከተተከለ አንድ ምልክት፣ ከዊላሜት ድንጋይ ነው። ቀያሾቹ ከዚያ ተነሥተው ሰንሰለት እየጎተቱ ተራራውንም ገደሉንም አልፈው ነው እስከዚህ የመጡት።

የእኛም አገር ካርታ እንዲሁ ከአንድ ነጥብ የሚነሣ ነው። ያች ነጥብ አዲንዳን ናት፤ በግብፅና በሱዳን ድንበር አጠገብ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ለዓባይ ተፋሰስ ጥናት የመጡት አሜሪካውያን ቀያሾች መለኪያቸውን ከዚያ አያይዘው እስከ ጣና አመጡት። ቀጥሎ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የካርታ ሚሽን አውሮፕላንና ሄሊኮፕተር ይዞ አገሩን አዳረሰው። ድርጅቱ ውስጥ ቀደምቶቹ ስለዚያ ዘመን ሲያወሩ አፋችንን ከፍተን እንሰማ ነበር፤ በሄሊኮፕተር ጫፍ ላይ ተጥለው ደመና እስኪገለጥ ስንት ቀን እንደተቀመጡ። ከፍ ካለ ቦታ ላይ ብቻህን ተቀምጠህ ሩቅ ነጥብ መለካት፣ ያም ይህም አንድ ሥራ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 7

ከልጄ ጋር ወደ ፒልቸክ ተራራ ወጣን። ጫፉ ላይ፣ ከቋጥኝ ቋጥኝ ተዘሎ በመሰላል የሚገባባት የታደሰች የእሳት መጠበቂያ ጎጆ አለች። ውስጧ ተራሮቹን በስማቸው የሚነግሩ ምስሎች አሉ፤ ልጄ ከምስሉ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ምስሉ እየሮጠች «እማዬ፣ ያውልሽ ቤከር! ያውልሽ ሬኒየር!» ስትል ዋለች።

ምስሎቹ የኦስቦርንን ፎቶዎች አስታወሱኝ፤ እሱ በመሣሪያው አላበቃም። በ1930ዎቹ ከየማማው ዙሪያውን የሚያነሣ የፎቶ መሣሪያም ነደፈ፤ በሦስት ፎቶ፣ እያንዳንዱ 120 ዲግሪ፣ አድማሱ ሁሉ ይገባል። በፎቶዎቹ ጠርዝ ላይ ዲግሪው ተጽፏል። አንዱ ቅጂ ማማው ላይ፣ ሌላው ከታች እሳት አጥፊዎቹን በሚያሰማራው ዲስፓቸር ዘንድ ይቀመጥ ነበር። ጠባቂው «አዚሙዝ ይህን ያህል» ሲል ከታች ያለው ሰው ያንኑ ሸንተረር ከፊቱ ዘርግቶ ያየዋል። ካርታ ማንበብ የማይሆንለት ሰው እንኳ ፎቶውን አይስተውም።

ዛሬ እነዚያን ፎቶዎች ከአሁኑ ጋር ሲያስተያዩአቸው፣ ያን ጊዜ ገላጣ ወይም በእሳት የተጎበኘ የነበረው ብዙ ተዳፋት አሁን በዛፍ ጥቅጥቅ ብሏል። እሳቱን ሁሉ ገና በጭስነቱ ማጥፋት የተቻለበት ዘመን ያመጣው ለውጥ ነው። ደኑ የሚቃጠለውን እያጠራቀመ ቆየ። የምወደው መሣሪያ በዚህ ውስጥ እጁ አለበት፤ ይህን ሳስብ ይከብደኛል፤ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 14

ፍልሰታ ስለሆነ ስንቄ ቆሎና ዳቦ ነው። ትናንት ቡሄ ነበር፤ አገር ቤት ጭቃና ዶፍ፣ እዚህ ሣሩ በእግር ሲረገጥ የሚንኮሻኮሽበት ወር። ከመጣሁ ወዲህ ያልለመድኩት ነገር ቢኖር ነሐሴ ደረቅ መሆኑ ነው።

የዛሬው ቀን እዚህ ሥራ ውስጥ ላሉት ትልቅ ትርጉም አለው። ኦገስት 20 ቀን 1910 ነበር፤ በእኛ ነሐሴ 14 ቀን 1902። በአይዳሆና በሞንታና ተራሮች ላይ ተበታትነው ሲጨሱ የሰነበቱ ብዙ ትናንሽ እሳቶች ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣና ሁሉንም አገናኛቸው። በሁለት ቀን ውስጥ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ነደደ። ቢያንስ 85 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ እሳት ሊያጠፉ የወጡ ሠራተኞች ነበሩ። ኤድ ፑላስኪ የሚባል የደን ጠባቂ ሰዎቹን እየመራ አሮጌ የማዕድን ዋሻ ውስጥ አስገባቸውና፣ እንዳይወጡ ሽጉጡን መዝዞ በሩ ላይ ቆመ። አብዛኞቹ ተረፉ።

የደን አገልግሎቱ ከተቋቋመ ያን ጊዜ አምስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄው አንድ ሆነ፦ እሳቱን ገና ትንሽ ሳለ እንዴት እናግኘው? ኦስቦርን የመጀመሪያውን መሣሪያ የሠራው በዓመቱ ነው። ማማውም፣ በዛፍ ላይ የተዘረጋው የስልክ ሽቦም፣ ክቡ ካርታም በብዛት የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 28

ዝናብ ጠብ አላለም። ዛሬ ሥራዬ የካርታ መሳቢያውን ማጽዳት ነበር።

ከታች፣ ከአይጥ ከተረፉት ወረቀቶች መካከል አንድ ሌላ ካርታ አገኘሁ፤ አራት ማዕዘን፣ በእርሳስና በቀለም የተቀባ። ከማማዋ የሚታየው መሬት ሁሉ ቀለም ተቀብቷል፤ የማይታየው ነጭ ቀርቷል። በ1930ዎቹ እነዚህን የሚሠሩ ልጆች ወደ ጫፍ እየወጡ የሚያዩትን በካርታ ላይ ያጠቁሩ ነበር፤ አንዳንዱን ደግሞ ከኮንቱሩ የመሬቱን የጎን ቅርጽ እየሳሉ ቢሮ ውስጥ ያወጡት ነበር። ከዚያ የብዙ ጫፎችን ካርታ ደራርበው የትኛው ማማ የትኛውን ነጭ እንደሚሸፍን እያዩ አዲስ ማማ የሚቆምበትን ይመርጣሉ።

ብዙ ጊዜ ወስጄ ያየሁት ይህን ነው። ቀለሙ የተቀባበት ጠርዝ ላይ የእርሳሱ ጫፍ ወደኋላና ወደፊት ያመነታበት ቦታ አለ፤ «ይታያል ወይስ አይታይም?» ብሎ የተጨነቀ ሰው እጅ። ሸለቆው ሥር ቀጭን ነጭ ጅማት ትቶ አልፏል። ማየት የማይችለውን እንዲህ በጥንቃቄ የከለለ ሰው ሥራ በጣም አከብራለሁ። እኛ ስንሥል የምንጨነቀው ስላለው ነገር ነበር፤ ወንዙ ይህ ነው፣ መንገዱ ይህ ነው። ለማይታየው ቦታ ማንም ቀለም አላዘዘልንም።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው አዩትና በጣታቸው አንዱን ነጭ ነኩ። «እዚህ ውስጥ የገባ መብረቅ አስጨንቆኝ ያውቃል» አሉ። መብረቅ ሲወርድ፣ እግሩ መስተዋት በሆነ በርጩማ ላይ ሆነው የወደቀበትን አዚሙዝ ሁሉ ይጽፉ ነበር። እሳቱ ግንድ ውስጥ ተደብቆ ብዙ ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን ይዘው ጠዋትና ማታ ወደ እያንዳንዱ አቅጣጫ ያነጣጥራሉ። ነጩ ውስጥ የወደቀውን ግን ሌላኛው ማማ ካላየው ማንም አያየውም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 5

የምሥራቅ ነፋስ እንደሚመጣ ተነግሮ ነበር። ሌሊቱን ጎጆዋ ስትንቀጠቀጥ አደረች። ሲነጋ ከሰሜን በኩል፣ ከሀይዌይ 2 ማዶ፣ ጭስ ቆሞ አየን። ነፋሱ ወደ ምዕራብ ጎትቶ አጋድሞታል። በሬዲዮ ስንሰማ እሳቱ ታውቋል፤ ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ እየተነገራቸው ነው።

ማንም የእኛን ልኬት አልጠበቀም። ቢሆንም እማማ ወደ መሣሪያው ሄዱና ለእኔ ቦታ ለቀቁልኝ። ጠጉሩን ጭሱ ላይ ሳሳርፍ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ትንፋሼን ያዝኩ። ችግሩ ወዲያው ታየኝ፤ የጭሱ ሥር አይታይም። ከፊት ያለው ሸንተረር ጋርዶታል። አዚሙዙን አነበብኩ፤ ከሰሜን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ። የብረቱን ሜትር በካርታው ላይ ሳዞረው መስመሩ አንድ ሸንተረር፣ አንድ ወንዝ፣ ሌላ ሸንተረር፣ ሌላ ወንዝ እያቋረጠ እስከ ጠርዝ ሄደ። እሳቱ በዚያ መስመር ላይ ነው። በየትኛው ሸለቆ? ካርታው አይናገርም፤ የእኔም ዓይን አይነግረኝም።

ከምሥራቅ በኩል ሌላ ሸንተረር ላይ ያደረ የእማማ ወዳጅ ነበር። በሬዲዮ ጠሩት። በእጅ ኮምፓስ ለክቶ ቁጥሩን ሰጠን። የማግኔቱን ሰሜን ወደ እውነተኛው ሰሜን ማስተካከል ያስፈልግ ነበር፤ እዚህ አካባቢ ልዩነቱ ዛሬ 15 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ይህ ካርታ በተሠራበት ዘመን ከ20 በላይ ነበር። አገር ቤት ሁለትና ሦስት ዲግሪ ስለሆነ ብዙም አንጨነቅበትም። ጨምሬበት፣ ትልቁን አራት ማዕዘን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሁለተኛውን መስመር በእርሳስ ሳብኩ።

መስመሮቹ የተገናኙት ከስካይኮሚሽ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ሰማያዊ ክር በመሰለች ጅረት አጠገብ ነው። ስሟን ጎንበስ ብዬ አነበብኩ፤ ቦልት ክሪክ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሬዲዮ የእሳቱ ስም ተነገረ፤ ቦልት ክሪክ።

እማማ ምንም አላሉም፤ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። እሳቱን ሁሉም አስቀድሞ አውቆታል፤ እኔ ምንም አልጨመርኩም። ግን የጭሱ ሥር ሲሰወር የአንድ ሰው ዓይን መስመር እንጂ ቦታ እንደማይሰጥ በቀለም ሳይሆን በእጄ አወቅሁት።

ሀይዌይ 2 ተዘግቷል። እኛ በስኖኳልሚ በኩል ስለምንወርድ መንገድ አላጣንም። እቤት፣ ኤቨረት፣ ስደርስ ሰማዩ ብርቱካናማ ነበር፤ በመኪናው ላይ አመድ ይወርዳል። ልጄ የዋዜማውን ችቦ ገና ከሳምንት በፊት አስራ አዘጋጅታለች። አላበራነውም። «እማዬ፣ ለሚመጣው ዓመት ይቆያል?» አለችኝ፤ ይቆያል አልኳት።

እሑድ፣ መስከረም 1 ቀን 2015

ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ባሌ ሮቤ የሚያስተምረው ወንድሜ ደወለ። «እንኳን አደረሰሽ እታለም፣ በዜና አየሁት፣ ደህና ናችሁ?»

በ1992 ዓ.ም. የባሌና የቦረና ደን ሲቃጠል ተማሪ ነበር፤ እንዲያጠፉ ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ እሱ ነው። ስለዚያ ጊዜ ብዙም አያወራም፤ ዛሬ ግን የትናንቱን ስነግረው አወራ። ቅጠልና አካፋ ይዘው ጭስ ወዳዩበት ይሄዳሉ። ይደርሳሉ፤ እሳቱ ከሚቀጥለው ሸንተረር ጀርባ ነው። «ጭሱ ሁሌም እዚያ ማዶ ነበር» አለ። ከላይ ሆኖ የሚያያቸው ሰው አልነበረም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9

እሳቱ አልጠፋም፤ ወደ 6,000 ሄክታር ደርሷል። የሲያትል አየር ዛሬ ከዓለም ከተሞች ሁሉ የከፋው ነው ተባለ። እዚህም ከመስኮቴ ማዶ ያለው ሕንፃ አይታይም። ልጄ ከትምህርት ቤት በማስክ መጣች።

ማማዎቹ ለምን ከሥራ እንደወጡ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አውሮፕላን መጣ፣ ሳተላይት መጣ፤ አሁን ደግሞ በካሊፎርኒያና በኦሪገን ጫፎች ላይ ካሜራ ይሽከረከራል። ካሜራው የሚሰጠው ግን ያው አዚሙዝ ነው፤ ሁለተኛ ካሜራ እስኪያየው ቦታው በትክክል አይታወቅም። በዚህ ጭስ ውስጥ ደግሞ ጠጉሩም ካሜራውም እኩል ዕውር ናቸው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12

ትናንት ዘነበ። መስኮቱን ከፈትኩ።

ወንድሜ የባሌውን ሺት ቅጂ በስልክ ልኮልኛል። ቀኑን ሙሉ ኮንቱር ስከተል ዋልኩ። ከሰነቴ አምባ ጠርዝ፣ ከሪራ በላይ ካለው ገደል አፋፍ፣ የሐረና ደን ከእግር በታች ይተኛል፤ ጉም ካልከለከለ ብዙ ይታያል። ከዚያ የሚታየውን በአረንጓዴ ቀባሁ። ከገደሉ ሥር ያሉት ሸለቆዎች ነጭ ቀሩ፤ ለእነሱ በዶሎ መና በኩል ሁለተኛ ቦታ ያስፈልጋል። በካርታው ላይ የሚሆኑ ሁለት ጉብታዎች አገኘሁ፤ የትኛው እንደሚሻል ከዚህ ሆኜ መወሰን አልችልም፤ ዛፍ ሊጋርድ ይችላል።

አንሥቼ ላክሁለት። ማታ ደወለ። የሪራውን አፋፍ ያውቀዋል፤ ሁለቱን ጉብታዎች ግን ሰው ጠይቆ ነው የሚያገኛቸው። ኅዳር ላይ፣ ጉሙ ሲቀልል፣ ከሁለት ተማሪዎቹ ጋር ይወጣል። ኮምፓስ ከትምህርት ቤት ይዋሳል። «ነጭ ያደረግሽውን እየቀባሁ እመልስልሻለሁ» አለኝ፤ ጠርዙ ላይ ከተጠራጠረ አረንጓዴ እንዳይቀባው ነገርኩት።